ከዓይን ነው ከጆሮ?

«ቲቸር ውብነሽ አርፋለች አሉ» የሚለው መልእክት ስልኬ ላይ የገባው ጠዋት ፋርማሲዬን ስከፍት ነው። የላከው ቴዲ ነበር፤ ድሮ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ። የጻፈው ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቿ የምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ሌላ ሰው ሞተ ቢባል ግሩፑ ወዲያው በ«ነፍስ ይማር» እና በ«አላህ ይዘንላት» ይሞላ ነበር። ለእሷ ግን አንድም ሰው እንዲህ አላለም።

«ከማን ሰማህ?» አለ አንዱ። «የነገረህ ሰውስ አይቷል?» አለች ሌላዋ። ከዚያ ከአንድ ሩቅ አገር፣ እዚያ ሌሊት መሆን አለበት፣ «ቴዲ፣ ከዓይን ነው ከጆሮ?» የሚል መጣ። ቴዲ «ከጆሮ» ብሎ መለሰ። ጥቂት ቆይቶ «ጀማል ድሬ ነው ያለው፤ ጀማል ሄዶ ይይ» ተባለ።

ጀማል እኔ ነኝ። ፋርማሲውን መልሼ ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ቲቸር ሰፈር ወደ ከዚራ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ታማ ይሆናል፣ ሆስፒታል ገብታ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር። ከበሯ ፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ድንኳን ሲተክሉ ሳይ እንኳ ለጎረቤት ነው ብዬ ማሰቤን አልተውኩም። የእህቷ ልጅ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ምንም አልጠየቀችኝም፤ «ልታያት ነው አይደል?» ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አየኋት። መነጽሯ እንደ ወትሮው ግንባሯ ላይ አልነበረም፤ ራስጌዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።

ወጥቼ ግሩፑ ላይ «አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ልቅሶ ስልኬ አልቻለውም።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው እብዶች ናቸው ቢለን አልፈርድበትም። እብድ ያደረገችን ራሷ ናት።

ቲቸር ውብነሽ ዕድሜዋን በሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ ቤቷ በረንዳ ላይ ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው የምታስተምር ሴት ነበረች። ቤቱ የአባቷ ነው፤ ሰፊ በረንዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ካላቸው ከዱሮዎቹ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች አንዱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሽቲ የምንለውን ስስ ቀሚስ ለባሽ ነበረች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሁሉ ስትፈልገው እናያትና ማን ይንገራት እያልን እንሳሳቃለን። እሷ እያልኩ ስጽፍ ቅር የሚለው የሌላ አገር ሰው ካለ ድሬ አንቱታን ብዙ አታውቅምና ይቅር ይበለኝ። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ተማሪ «እርስዎ» ሲላት ዞር ብላ ማን መጣ ብላ አይታለች።

ውጭ አገር መማር የሚፈልግ ሁሉ የሚፈተነው የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መናገርና መጻፍ። የድሬ ልጅ አፉን የፈታው በሦስትና በአራት ቋንቋ ስለሆነ ማዳመጡና መናገሩ አያስቸግረውም። የምንወድቀው መጻፉ ላይ ነበር። ምክንያቱን ያገኘችው እሷ ናት፤ «የእናንተ ችግር እንግሊዝኛ አይደለም፤ ወላሂ ነው» አለችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት።

እውነቷን ነው። ድሬ ላይ ወላሂ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ቴዲ ማተቡን አስሮ «ወላሂ ጾም ላይ ነኝ» የሚል ልጅ ነው። ታክሲው ሞልቷል ወላሂ፣ ቲማቲሙ ትኩስ ነው ወላሂ፣ ነገ እመጣለሁ ወላሂ። ይህንን ልማድ ይዘን እንግሊዝኛ ስንጽፍ መሐላው በግሥ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። አንድ ጥናት አንድ ነገር ከጠቆመ እኛ አረጋገጠ ብለን እንጽፋለን። አንድ ሰው አንድ ነገር ካለ እኛ አስመሰከረ እንላለን። ፈታኙ ደግሞ በመሐላ አያምንም።

ስለዚህ ግሦችን በእጇ ታስተምረን ጀመር። መዳፏን ሙሉ በሙሉ ትዘረጋና «ሳጀስት» ትላለች፤ ይጠቁማል ማለት ነው፣ ነገሩ መዳፋችሁ ላይ ዐርፏል እንጂ አልያዛችሁትም። ጣቶቿን ጥቂት ታጥፍና «ኢንዲኬት»፤ ያመለክታል። ይበልጥ ታጥፍና «ዲሞንስትሬት»፤ ያሳያል። በመጨረሻ እጇን ትጨብጥና «ፕሩቭ» ትላለች። ያረጋግጣል። «ይህን ቡጢ በሕይወታችሁ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትጨብጡት ተጠንቀቁ» ትል ነበር። ዝም ብሎ ያለ ማስረጃ ለሚነገረው ሌላ ግሥ ነበራት፣ «ክሌም»፤ ለእሱ እጇን አትዘረጋም፣ አፏን ብቻ በጣቷ ታሳያለች።

የቤት ሥራዋ ደግሞ እንደ ሌላ አስተማሪ ከመጽሐፍ አልነበረም። መጋላ ገበያ ሄዳችሁ ሰው ሲናገር ስሙና አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ኑ ትለናለች። በረንዳው ላይ ሆነን የሰማነውን በየትኛው ግሥ እንደምንጽፈው እንከራከራለን። አንድ ቀን ሀምዲያ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፣ የግመል ወተት ከምትሸጥ ሴትዮ የሰማችውን ይዛ መጣች።

«'ወላሂ ዛሬ ጠዋት የታለበ ነው' አለችኝ።»

«ከዓይን ነው ከጆሮ?» አለች ቲቸር። ይህን ሳትል የዋለችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። «ሲታለብ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ቀምሰሻል?»

«ቀምሻለሁ። ኮምጠጥ ብሏል።»

«እንግዲህ ሴትዮዋ ክሌም አደረገች፤ ምላስሽ ደግሞ ሌላ ነገር ሳጀስት አደረገ። ሴትዮዋ ዋሸች ብለሽ እንዳትጽፊ ግን! ወተት በድሬ ፀሐይ እስከ እኩለ ቀን ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል።»

ቴዲን ያስተማረችበት መንገድ ከዚህም ይብስ ነበር። ሞባይል ወጣቱን ማበላሸቱ ተረጋግጧል ብሎ ጽፎ መጣ። «ማን አረጋገጠ?» አለችው። «ሁሉም ሰው ያውቃል» አለ። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ትኩር ብላ አየችውና «ይህ ሁሉም ሰው የሚባለው ሰውዬ የት ሰፈር ነው የሚኖረው? ተነስ፣ ሄደን እንጠይቀው» አለችው። ሳቃችን ሳያልቅ እውነትም ጫማዋን ፈልጋ አደረገች። ጎዳና ወጥታ አላፊ አግዳሚውን ስትጠይቅ ቆይታ፣ ከፊሉ ሞባይል ጥሩ ነው ከፊሉ መጥፎ ነው ሲላት፣ ቴዲን ይዛ ተመለሰች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቴዲ ጫት ቅሞ ይመጣና የማያውቀው ነገር አይኖርም። «ዛሬ ቴዲን ተዉት፣ ፕሩቭ ላይ ነው ያለው» ትለናለች። «አመሻሹ ላይ ራሱ ሳጀስት ላይ ይወርዳል።»

ይህ ጥንቃቄዋ ለፈተና ብቻ አለመሆኑ የገባኝ አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ እስክሪብቶ እንኳ አላስጨብጥ ያለን ዕለት ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ ደብተራችንን እያራገብን ተቀምጠናል። ቴዲ ለመቀለድ «ቲቸር፣ አንቺን ጆሮ ምን አደረገሽ?» አላት። እሷ ግን አልቀለደችም።

አባቷ የባቡር መካኒክ ነበር። እሷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ሰው ከበራቸው ቆሞ ባቡሩ ተገልብጧል፣ አባታችሁ የሉም አለ። እናቷ ፀጉሯን ተላጨች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ደረት ተደቃ። ልቅሶው ገና ሳይበርድ አባትየው ቅርጫት ሙሉ ብርቱካን ይዞ ከበሩ ገባ። ባቡሩ አልተገለበጠም፤ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ እሱ ሲጠግን ነው የከረመው። ልቅሶው ወዲያው ድግስ ሆነ፤ ብርቱካኑም ለለቀስተኛው ታደለ።

«ሁሉም ሳቀ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም» አለችን። «ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ ኖራ ሞተች። መርዶውን ያመጣው ሰውዬ እኮ ክፉ አልነበረም። የሰማውን እንዳየ አድርጎ ተናገረ፤ ይኸው ነው።»

ይህን የምጽፈው ግሩፑ ላይ ለምን ነፍስ ይማር እንዳልተባለ እንዲገባችሁ ነው።

አሁን ወደ ሀምዲያ ልመለስ፤ ቲቸርን እስክሞት እንዳልረሳት ያደረገኝ ከሀምዲያ ጋር የተያያዘው ነገር ስለሆነ። ሀምዲያ ከሁላችንም ጎበዝ ነበረች። የመጀመሪያውን ፈተና ግን በጽሑፉ ወደቀች። እንደገና ተዘጋጀች፣ አለፈች፤ ውጭ አገር የኅብረተሰብ ጤና የምትማርበት ነጻ የትምህርት ዕድልም አገኘች። በረንዳው ላይ ፓፓያ ቆርጠን ጨፈርን። በማግስቱ ሀምዲያ ዓይኗ አብጦ መጣች። አባቷ ሐጂ ዩሱፍ አልልክም ብሏል።

ሐጂ ዩሱፍ አሸዋ ገበያ ልብስ የሚሸጥ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ነው። ግን አንድ ጊዜ ልቡ ተሰብሯል። የሀምዲያ ታላቅ ወንድም ከዓመታት በፊት በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ነበር። ሠርቶ ሊመለስ ነበር የወጣው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ከዚያ በየበዓሉ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ደህና መሆኑን ሰዎች አይተዋል፤ ብቻ አይደውልም። «አልሞተም፣ ግን የለኝም» ይል ነበር ሐጂ። ሀምዲያም እንዲህ ትሆንብኛለች ብሎ ፈራ። ያስፈራው መሄዷ አልነበረም፤ ሄዳ መጥፋቷ ነበር። ሀምዲያ ደግሞ ያለ አባቷ ፈቃድ አውሮፕላን የምትሳፈር ልጅ አልነበረችም።

እኛ ጓደኞቿ ታዲያ የድሬ ልጆች ምን ያደርጋሉ? ተሰብስበን ሱቁ ሄድን። እኔ «ሐጂ፣ ወላሂ ትመለሳለች» አልኩት። ቴዲ «ወላሂ፣ በእናቴ፣ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ» አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ማሉ። ሐጂ እየሰማን በመሐል አንዲት ገበያተኛ ሸሚዝ ትጎትታለች፤ እሱም ለእኛ ራሱን እየነቀነቀ ለእሷ «ወላሂ በዚህ ዋጋ እኔም አላመጣሁትም» ይላታል። ሴትዮዋ ሄደች። ሐጂ ሸሚዙን አጥፎ ቦታው መለሰና ወደ እኛ ዞረ።

«ልጆች፣ አሁን ወላሂ ስል ሰማችሁኝ?»

«ሰማን።»

«ለእኔ ወላሂ መሸጥ ለአወዳይ ሰው ጫት መሸጥ ነው። አቦ ሂዱ፣ ፀሐይ አትምታችሁ።»

የተማርነውን ሁሉ ረስተን፣ ነገሩን ይበልጥ አበላሽተን ተመለስን። ሀምዲያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ቲቸርን አባቴን አናግሪልኝ ብላ ለመነቻት። ለትምህርት ዕድሉ መልስ የምትሰጥበት ቀን እየደረሰ ነው፤ ካለፈ ዕድሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቲቸር እምቢ አለች። «ሄጄ ምን ልለው ነው? ትመለሳለች ልለው ነው? ነገን ማን አይቶታል?» አለች። ያን ቀን ተናድጄባታለሁ። ሰው በሳጀስት አይድንም ብዬ በልቤ ሰድቤያታለሁ።

በማግስቱ ግን ወደ ፋርማሲው መጣች። ሽቲዋን ቀይራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። «ተነስ ጀማል፣ ሐጂ ቤት ውሰደኝ» አለች። ምን ልትዪው ነው ብላት «እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ሐጂ ትራሱን ተደግፎ ጫቱን እየመረጠ ነበር። ሲያያት ተነስቶ ተቀበላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣልን። ሀምዲያ ከመጋረጃው ወዲያ መሆኗን አውቃለሁ፤ እግሯ ከሥር ይታያል።

«ቲቸር፣ እነዚህ ልጆች ልከውሽ ነው» አለ ሐጂ።

«ልከውኝ ነው።»

«እሺ ንገሪኝ። ልጄ ትመለሳለች?»

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

ውሃው አነቀኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው እግር ሳይቀር ተንቀሳቀሰ።

«ወንድሟ ሲሄድ ይመለሳል ብለውህ ነበር?» አለችው።

«ያልማለልኝ የለም። እሱ ራሱ ምሎልኝ ነበር።»

«እኔ አልምልልህም። ላትመለስም ትችላለች። እዚያ ሥራ ታገኝ ይሆናል፣ ሰው ትወድ ይሆናል። ያላየሁትን ልነግርህ አልመጣሁም።»

ሐጂ እጁ ላይ ያለውን ጫት አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

«ያየሁትን» አለች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ይህች ልጅ በረንዳዬ ላይ ስትማር የከረመች ናት። ያላየችውን አየሁ ስትል አልሰማኋትም። ፈተና ወድቃ ስትመጣ ሌሎቹ ፈተናው ከብዶ ነው ይላሉ፤ እሷ 'ቲቸር፣ በደንብ አልተዘጋጀሁም' ነው ያለችኝ። ክፉ ነገር ሲመጣ መደበቅ አትችልበትም። ከመጣች መጣሁ ትልሃለች፤ ከቀረችም ቀረሁ ብላ ትነግርሃለች እንጂ ስልክ ዘግታ አትጠፋብህም።» ራሷን አረመች። «ይህ የመጨረሻው ግምቴ ነው። የፊተኛውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ሐጂ ዘርግታ ጨበጠች። ያ ቡጢ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ተጠንቀቁት ስትለን የነበረው።

«ወላሂ» አለች።

ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሮ «ይህች ሴት ወላሂ ትላለች እንዴ?» አለኝ።

«ስትል ሰምቻት አላውቅም» አልኩት። እኔም ወላሂ ልጨምርበት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«ሰው ሁሉ ትመለሳለች አለኝ፤ አንዱንም አላመንኩም» አላት ሐጂ። «አንቺ አላውቅም አልሽኝ። አላውቅም ስትዪ ስላመንኩሽ፣ ወላሂ ስትዪም አመንኩሽ። ትሂድ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሀምዲያ ጮኻ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን አፍራለሁ።

ስንመለስ ቲቸር ባጃጅ ውስጥ ያንን እጇን እንደጨበጠች ነበር። ከዚራ ስንደርስ ፈታችውና አሳየችኝ። «አቦ ጀማል፣ ከባድ ቃል ነው። እናንተ በቀን ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ነው የምትሸከሙት?» አለችኝ።

ሀምዲያ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አሸዋ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐጂ ዩሱፍ ወላሂ ማለት ተወ። ደንበኞቹ ጤናውን ተጠራጠሩ። አንዲት ሴት «ሐጂ፣ ካልማልክማ ሸሚዙ ላይ አንድ ነገር አለ» ብላ ሳትገዛ መሄዷን እሱ ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል። አርብ አርብ ሀምዲያ ስትደውልለት ያወራችውን ይዞ ከመልካ ጀብዱ ከመጣ ፓፓያ ጋር ወደ በረንዳው ይመጣል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የልጅቷን ወሬ ይመዝናሉ። «ደስ ብሎኛል ትላለች» ይላል ሐጂ። «ድምፅዋስ?» ትላለች ቲቸር። «ድምፅዋ ጉንፋን ሳጀስት ያደርጋል።» ሐጂ ዩሱፍ በሸመገለ ዕድሜው ሳጀስት ሲል ከሰማሁ በኋላ በዚህ ዓለም የሚያስደንቀኝ ነገር አልቀረም።

ሀምዲያ ትምህርቷን ስትጨርስ እዚያው ሥራ አቀረቡላት። ለአባቷ ሳትደብቅ ነገረችው፤ «አባ፣ ገና አልወሰንኩም» አለችው። ሐጂ ያን ሰሞን ከሳ። ሰው ሲጠይቀው «አልወሰንኩም ብላለች» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አይጨምርም፤ አትመጣም ብሎ አላማረረም፣ ትመጣለች ብሎም ራሱን አላጽናናም። ቲቸርን ደግሞ ልቧ ያስቸግራት ጀምሮ ነበር። ስትታመም ስትድን ከርማ አረፈች።

ያን ጠዋት «አይቻለሁ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ሀምዲያ ለብቻዬ «በዓይንህ ነው፣ ጀማል?» ብላ ጻፈችልኝ። በዓይኔ ነው አልኳት። ሌላ አልተነጋገርንም። ቲቸር ተቀበረች። ማታውን ሐጂ ወደ ፋርማሲው መጣ። መድኃኒት የሚገዛ መስሎ ሰው እስኪወጣ ጠበቀ።

«ልጅቷ ለሰልስቱ እደርሳለሁ ብላለች» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ጠቅልላ ነው የምትመጣው ወይስ...»

«እደርሳለሁ ነው ያለችው። እኔም ያልኩህ እሱን ነው። አብረኸኝ ሂድ፤ ብቻዬን መቆም አልችልም።»

በሰልስቱ ዕለት ጠዋት ኤርፖርት ሄደን ቆምን። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን ዐረፈ። ሐጂ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ነጋዴዎች ወጡ፤ ወደ ሁርሶ የሚሄዱ ወታደሮች ወጡ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ወጣች። ከዚያ ሰው አልወጣ አለ። ሐጂ ክንዴን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። የቲቸር እጅ በባጃጁ ውስጥ እንዴት እንደነበረ ትዝ አለኝና እሷም እዚህ ብትቆም ብዬ ተመኘሁ።

ሀምዲያ የወጣችው በመጨረሻ ነው። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ የምትገፋው ጋሪ ላይ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ተደራርቧል፣ ከላዩ የታሰረ ካርቶን አለ። ለልቅሶ ብቻ የሚመጣ ሰው ይህን ያህል ዕቃ አይጭንም። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ሐጂ! ይህ ሁሉ ሻንጣ እኮ...»

«ዝም በል» አለኝ። «ያየኸው ሻንጣ ነው።»

ሀምዲያ ጋሪውን ትታ ሮጠች። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስለ ቲቸር አለቀሰች፤ እሱም ስለ ቲቸርም ስለ ሁሉም ነገርም አለቀሰ። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን እያየ ያን ያረጀ እጁን ዘረጋና ጨበጠው።

«መጣች» አለኝ። «ወላሂ፣ መጣች።»